ማክሰኞ ክፍል አልነበረም

ልቦለድ ነው የሚለኝ ካለ ዋጃ ወርዶ ወይዘሮ ዓሊማን ይጠይቅ። ቤታቸውን ማንም ያሳየዋል።

እኔ የምጽፈው የሆነውን ነው። ባለታሪኳ ራሷ "ጻፈው" ብላኛለች። የሆቴሉን ስም ብቻ አልጠራም። ሰዎቹ ያጠፉት ነገር የለም፣ እንጀራቸውን ልዘጋባቸው አልፈልግም።

ጊዜው ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ሐሙስ። ቦታው ቆቦ።

ሰዓቱ ደግሞ... ሌሊት እንዳይመስላችሁ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ የቆመችበት፣ ባጃጆቹ ጥላ ፍለጋ የገቡበት፣ አስፋልቱ ላይ ውሻ እንኳ የማይታይበት ሰዓት።

የአገሬው ሽማግሌዎች "ቀትር ላይ ብቻህን አትውጣ" የሚሉት ወደው አይደለም።

ራህመት ትባላለች። አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ውስጥ አብረን እንሠራለን። ሥራዋ ለመስክ ለሚወጣ ሠራተኛ ሆቴል መያዝ ነው። አሶሳም ይሁን ጎዴ፣ ራህመት የመረጠችው ሆቴል ገብቶ ያማረረ ሰው አላውቅም። "ትኋን እንኳ የራህመትን ስም ሲሰማ ሻንጣውን ይሸክፋል" እያልን እንቀልድባት ነበር።

ሕግ ነበራት።

ሆቴሉ ራሱ የለጠፈውን ፎቶ አታምንም። "ለፎቶ የተኳለች ሙሽራ መቼ አስቀያሚ ሆና ታውቃለች?" ትላለች። የምታየው እንግዶች በስልካቸው ያነሱትን ነው። አልጋውን አልፋ መጋረጃውን፣ መጋረጃውን አልፋ የሻወሩን ጥግ ታያለች።

አስተያየት ስታነብ ከመጥፎው ትጀምራለች። ሙገሳው ሁሉ በአንድ ቀን የተጻፈ ከሆነ "እነዚህ የባለቤቱ የአክስት ልጆች ናቸው" ብላ ትዘጋዋለች።

በመጨረሻ ትደውላለች። እንግዳ ተቀባይዋን "እባክሽ የኔ እህት፣ ሻወሩን ክፈቺና ስልኩን አስጠጊልኝ" ትላታለች። የውሃውን ድምፅ ሰምታ ጉልበቱን ታውቃለች።

አትሳቁ። እኛም እንስቅ ነበር።

እናቷ መይሙና ከቆቦ አለፍ ብሎ ዋጃ ነው የምትኖረው፣ ከራህመት ታላቅ ወንድም ከነጅሙዲን ጋር። ከወር በላይ ታማ ተኝታለች። እግሯ አብጦ ከአልጋ መውረድ አቅቷታል። ራህመት ፈቃድ ወስዳ እናቷን ደሴ ሐኪም ዘንድ ልትወስዳት ተነሣች።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ፈለገች። እናቷን ገላዋን ማጠብ።

ዋጃ ውሃው በጀሪካን ነው። እናቷ ታማ ከተኛች ጀምሮ በእርጥብ ጨርቅ ከመታበስ በቀር ውሃ ገላዋን አልነካውም። ስለዚህ ቆቦ ላይ አንድ ደህና ሆቴል ይዛ፣ እናቷን በሙቅ ውሃ አጥባ፣ አልብሳ፣ አሳምራ ልትወስዳት ነው ያሰበችው።

ነጅሙዲን በስልክ ተቆጣ።

"ሆቴል ምን ያደርጋል? በቀጥታ ቤት ነይ። እማ ደክማለች።"

"አያ ነጅሙ፣ እናቴን ሳላጥባት ሐኪም ፊት አላቀርባትም።"

"ሐኪሙ ሊድራት ነው እንዴ? ሐኪም እኮ ነው!"

"አይሆንም አልኩህ።"

እልኸኛ ናት። ሰኞ ሙሉ ቀን ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታ የቆቦን ሆቴሎች ስታገላብጥ ዋለች።

የመጀመሪያው ፎቶው ሲያዩት ያስጎመጃል። ግን በሁሉም ክፍል ያለው የአበባ ማስቀመጫ አንድ ነው፣ አፉ ላይ የተሸረፈው ቦታ ሳይቀር። "አንድ ክፍል አሳምረው አሥር ጊዜ አነሱት" አለችና ተወችው።

ሁለተኛው ላይ አንድ እንግዳ "ሙቅ ውሃ በቧንቧ የለም፣ በባልዲ ያመጡልሃል" ብሎ ጽፏል።

"ባልዲውስ ቢሆን ምን አለበት?" አልኳት።

"አንተ እናትህን በባልዲ እጠብ" አለችኝ።

ሦስተኛው ተገኘ። አንሶላው ነጭ፣ የሻወሩ ጥግ ንጹሕ ነው። ሔራን የምትባል እንግዳ ተቀባይ ስልኩን ይዛ ሻወር ቤት ገባችላት። ራህመት ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች። ፈገግ አለች።

"ለነገ ማክሰኞ ልይዘው።"

"ማክሰኞማ ክፍል የለም እህቴ። ስብሰባ አለ፣ ሙሉ ነን። ሐሙስ ይለቃል።"

ራህመት ትንሽ አሰበች። ሌሎቹ ሆቴሎች ክፍል ነበራቸው።

"ሐሙስ ይሁን" አለች።

በኢንተርኔት ያዘችው። ማረጋገጫው ስልኳ ላይ ሲመጣ ለሁላችንም አሳየችን። ልጅ የወለደች እስክትመስል ድረስ ነበር ደስታዋ።

ማክሰኞ ከሰዓት እናቷ ራሷ ደወለች።

"መቼ ነው የምትመጪ?"

"ሐሙስ፣ እማ። ጥሩ ቤት አግኝቼልሻለሁ።"

ስልኩ ውስጥ ትንፋሿ ብቻ ተሰማ።

"እሺ ልጄ። ሐሙስም የአላህ ቀን ነው።"

ረቡዕ ተነሥታ ደሴ አደረች። ሐሙስ ማለዳ ሚኒባስ ያዘች። ወልዲያ ላይ ለነጅሙዲን ደወለች። እንደለመደው ሊጨቃጨቃት ነው ብላ አፏን አሹላ ነበር።

"ሆቴሉ ግቢና እረፊ" አላት። ድምፁ ቀስ ያለ ነው። "ቤት አትምጪ። እኛ ይዘናት እንመጣለን።"

"እማ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት... አብሽሪ።"

ራህመት ሳቀች። አሸነፍኩት ብላ።

የወሎ ልጅ ናት። ማወቅ ነበረባት።

እዚያ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል፣ ዘመድ ተሰብስቦ በር ሲያንኳኳ ነው። እስከዚያ ሁሉም ይዋሻል። "ደህና ናት" ይላል፣ "አብሽሪ" ይላል። ሲጨቃጨቅ የከረመ ወንድም ድንገት "እሺ" ሲል ነገር አለ ማለት ነው። ራህመት ራሷ ስንቱን እንዲህ እያለች ለመርዶ አሳድራለች። በራስ ሲመጣ ግን ዓይን አያይም።

መይሙና ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ አርፋ ነበር።

ራህመት ጎብዬን አልፋ ቆቦ ስትገባ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሆቴሉ ልክ እንደ ፎቶው ነው። አንሶላውን ገልጣ አየች። ሻወሩን ከፈተች፣ ውሃው አፍታም ሳይቆይ ሞቀ። ከሔራን ሁለተኛ ፎጣና አንድ ሳፋ ጠየቀች። ወንበር መስኮቱ ሥር አስጠግታ ለእናቷ አመቻቸች።

ሳፋው ወዲያው መጣላት። ፎጣው ቆየ።

ተቀመጠች።

በሩ ተንኳኳ... ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ተደርጎ።

ከፈተች። እናቷ ናት።

ብቻዋን።

"እማ! በእግርሽ ቆመሽ?"

"ቀለለኝ" አለች እናቷ። ገባች። ማንንም አልተደገፈችም። ወር ሙሉ ከአልጋ ያልወረደች ሴት ቀጥ ብላ ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ራህመት ወደ ኮሪደሩ አንገቷን አወጣች። ማንም የለም።

"በምን መጣሽ? አያ ነጅሙስ?"

"ይመጣል... ሥራ ይዞ ነው።"

ጫማ አላደረገችም። በዚያ አስፋልት በባዶ እግሯ። እግሯ ላይ ደረቅ ነጭ አቧራ ተጋግሯል።

እብጠቱ የለም።

"እግርሽ ጎደለልሽ?"

"ተወኝ" አለች እናቷ።

ራህመት እልልታዋን ዋጠች። አልሐምዱሊላህ አለች። እቅፍ አድርጋ ሳመቻት። ጉንጯ ይቀዘቅዛል። የሆነ ሽታ አላት፣ የጉንፋን ቅባት የመሰለ። ሬሳ የሚቀባው ካፉር መሆኑን ልቧ አላሰበም።

የለበሰችው ነጠላ አዲስ ነው። ጥለት የለውም። ዳርና ዳሩ አልተዘመዘመም፣ ከጣቃ ላይ ተቀዶ የመጣ ይመስላል።

ፀጉሯ ርጥብ ነው። ሦስት ቦታ ብቻ ተጎንጉኖ ወደ ኋላ ተጥሏል።

"ማን ነው እንዲህ የሠራሽ?"

"ዓሊማ ናት።"

ዓሊማ የመይሙና ታናሽ እህት ናት። ራህመት አክስቷ ሹሩባ መሥራት እንደማይሆንላት ታውቃለች፣ ፈገግ አለች።

"በይ ነይ፣ ውሃው ሞቋል። ገላሽን ላጥብሽ።"

"ታጥቤያለሁ ልጄ።"

"ማን አጠበሽ?"

"ዓሊማና ሴቶቹ። ደህና አድርገው ነው ያጠቡኝ... ሦስት ጊዜ።"

ራህመት ከፋት። እንባዋ መጣ። ያን ሁሉ ፎቶ ያየችው፣ ያን ሁሉ ስልክ የደወለችው ለዚህች ሰዓት ነበር።

"ታዲያ እኔ ምን ልሥራ እማ?"

እናቷ ጎንበስ ብላ እግሯን አየች።

"እግሬን ተዉት ብያቸዋለሁ። እግሬን ራህመት ትጠበው አልኳቸው።"

ሳፋውን ሞላች። የሆቴሉን ትንሽ ሳሙና ከወረቀቱ ፈታች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ የእናቷን እግር ውሃው ውስጥ ከተተች።

ውሃው ወዲያው ቀዘቀዘ።

ደፍታ እንደገና ሞላች፣ እንፋሎት የሚያወጣውን። እግሯ ሲገባበት እሱም ቀዘቀዘ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ራህመት በቀዘቀዘው ውሃ፣ በሁለት እጇ፣ ተረከዟን፣ በጣቶቿ መካከል፣ ቁርጭምጭሚቷን አሸችላት። አረፋው ነጭ ሆኖ ሞላ።

"ማክሰኞ ጠብቄሽ ነበር" አለች እናቷ።

የራህመት እጅ ቆመ።

"በር በሩን ሳይ ዋልኩ። አንድ መኪና ሲቆም፣ እሷ ናት እላለሁ። አንድ ሲያልፍ፣ የሚቀጥለው ነው እላለሁ።"

"ማክሰኞ ክፍል አልነበረም እማ..."

ይህንን ስትል የራሷ ድምፅ ለራሷ አስጠላት። አገር ምድሩ ክፍል ነበረው። የእናቷ ቤት ክፍል ነበረው።

"አውፍ በይኝ" አለች። አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። "ይቅር በይኝ እማ። መምጣት ነበረብኝ።"

እናቷ እጇን አናቷ ላይ ጣለች። እጇ ክብደት የለውም።

"አውፍ ብዬሻለሁ ልጄ። ከልቤ።" ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። "ጥሩ ቤት ነው የመረጥሽው። መጋረጃው ያምራል።"

በሩ ተቆረቆረ። ሔራን ናት፣ ፎጣ ይዛ።

"እንግዳሽ መጡልሽ እህቴ?"

"እናቴ ናት" አለች ራህመት፣ እንባዋን እየጠረገች።

ሔራን ወደ ውስጥ አየች። ወንበሩን አየች። ሳፋውን አየች። ከዚያ ሰው ፈልጋ እንዳጣች ሁሉ አልጋውን አየችና ጎንበስ አለች።

"እንደምን ዋሉ እማማ" አለች፣ ለአልጋው።

አልጋው ላይ ማንም አልነበረም።

ራህመት ልጅቷ ተደናግራ ነው ብላ ፎጣውን ተቀበለች። ሔራን በሩን ሳትዘጋው ሄደች። ኮሪደሩ ላይ እርምጃዋ እየፈጠነ ይሰማል።

"አያ ነጅሙ ምን ሥራ ያዘና ነው ብቻሽን የላከሽ?"

"ይቆፍራል።"

"በዚህ ፀሐይ? ምን?"

"ድንጋይ በዛበት" አለች እናቷ። "መዳፉ ተላጠ፣ የኔ ልጅ።"

ራህመት ተናደደች። እናቱን ጥሎ ቦይ ይቆፍራል ብላ። ስልኳን አንሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ደወለች።

አነሣው። ያለከልካል። ከጀርባው የአካፋ ድምፅ አለ፣ ደግሞ የብዙ ወንዶች ድምፅ።

"አያ ነጅሙ፣ አታፍርም? እንዴት ብቻዋን ትልካታለህ?"

"ማንን?"

"እማን ነዋ!"

አካፋው ቆመ። ወንዶቹም ዝም አሉ።

"...የት ናት?" አለ በሹክሹክታ።

"እዚህ። ከኋላዬ ተቀምጣለች።"

"ራህመት..."

"ምን?"

"ምን ለብሳለች?"

"አዲስ ነጠላ። ነጭ። ጥለት የሌለው።"

ከነጅሙዲን በኩል ትልቅ ሰው ሲያለቅስ የሚያወጣው ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ራህመት ወዲያው አልዞረችም። ለምን እንዳልዞረች ለእኔም ልትነግረኝ አልቻለችም። መጋረጃውን እያየች ቆመች።

ስትዞር ወንበሩ ባዶ ነው።

ሳፋው አለ፣ አረፋው አለ። ከወንበሩ እስከ በሩ አንድ ርጥብ ዱካ የለም።

ሮጣ ወጣች። በሩ ላይ አራጌ የሚባል ዘበኛ ቁጭ ብሏል።

"አንዲት እናት አሁን ሲወጡ አላየህም?"

"እቴ፣ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እዚችው ነኝ። ከአንቺ ወዲህ የገባም የወጣም የለም።"

ተመለሰች። አልጮኸችም። ልቧ ያወቀውን አፏ እምቢ አለ። የሳፋውን ውሃ መድፋት ግን አልቻለችም። አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። መግሪብ ሆነ፣ ጨለመ፣ ከዚያች ቦታ አልተነሣችም።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። የሰው እግር ይንሸራሸራል፣ አንዱ ይስላል፣ አንዲት ሴት ልቅሶዋን በነጠላ ታፍናለች። ራህመት ራሷ ከፈተችላቸው።

"አውቄዋለሁ" አለች። "ግቡ።"

ሽማግሌው "ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን" ሲሉ እንኳ እንደ ሰው አልወደቀችም። የነጅሙዲንን እጅ ይዛ ገለበጠችው። መዳፉ ተልጧል። ያኔ ነው ያን ሁሉ የያዘችውን የለቀቀችው። የሆቴሉ ሰው በሙሉ ወጣ። ሔራን ሰው መሐል ቆማ አብራት አለቀሰች።

ዓሊማ አቅፋ ይዛት ቆየች። ስትረጋጋ ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከች።

"አንድ ነገር አለ... ለወንዶቹ አልነገርኩም።"

"ንገሪኝ።"

"ስናጥባት ሁሉም ገላዋ ውሃ ተቀበለ። እግሯ ጋ ስንደርስ እምቢ አለ። አፈሰስን፣ ወረደ። ደገምን፣ እንደ ደረቀ ነው። ሦስት ጊዜ። አላህ ያውቃል ብለን ካፉሩን ቀባን፣ ከፈኑን አለበስናት። ከዚያ የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር ሊሰገድ ሲል፣ ወንዶቹ 'ቶሎ በሉ' ሲሉን፣ እግሯ ረጠበ።"

"ረጠበ?"

"ከፈኑ በእግሯ በኩል ሾቀ። ገልጬ አየሁ። አረፋ ነበረው ራህማዬ... የሳሙና አረፋ። ጠረግኩት፣ ተመልሶ መጣ። እኛ ሳሙና ከመለስን ቆይተናል።"

ራህመት እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ሳሙናው ገና ይሸታል።

ዋጃ ሲደርሱ ፀሐይ ወጥታለች። ለቀስተኛው ደጁን ሞልቶታል፣ ራህመት ግን ቤት አልገባችም። ከደጃፉ ጀምሮ አቧራው ላይ ጠብ ጠብ ያለ የውሃ ጠብታ አየች። ቃሬዛው በሄደበት መንገድ ሁሉ ነጥብ ነጥብ እያለ ይሄዳል። ያ ሁሉ ሙቀት ወርዶበት አላደረቀውም።

ጫማዋን አወለቀች። ጠብታውን ተከትላ ሄደች። ነጅሙዲን ከኋላዋ ነው፣ ዓሊማ ከእሱ ኋላ።

ቀብሩ ጋ ደረሱ። አፈሩ አዲስ ነው፣ ድንጋዩ ዙሪያውን ተደርድሯል። ራህመት ልትንበረከክ ጎንበስ አለችና... ቀረች።

ጠብታው ቀብሩ ጋ አላበቃም።

ከቀብሩ ወዲያ የባዶ እግር ዱካ ጀምሯል። ርጥብ ነው፣ ተረከዙና አምስቱ ጣት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሆቴል ስትመጣ እግሯ ደረቅ ነበር፣ ይህ ከታጠበ በኋላ የተረገጠ ነው። የማሽላውን ማሳ አቋርጦ አስፋልቱ ላይ ወጥቷል፣ ወደ ቆቦ አቅጣጫ።

ነጅሙዲን መንገዱ ዳር ድረስ ሄዶ አየ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

የሄደ እንጂ የተመለሰ ዱካ አልነበረም።